ከሉማሜ ተነስቶ አዲስ መኪና መግዛት፦ ከኤክስፖ ወይስ ከሾውሩም?



አንድ በእህል ንግድ የሚተዳደር የሉማሜ ወንድማችንን እናስብ። ለዓመታት ቆጥቧል፤ ከወንድሞቹም ጋር አዋጥቷል። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጁ ደውሎ፣ «አባዬ፣ የመኪና ኤክስፖ ተከፍቷል። ትልቅ ቅናሽ አለ፤ ግን እስከ እሑድ ብቻ ነው» ይለዋል። አባት በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ አባይን ተሻግሮ ይደርሳል። መብራት የሚያብረቀርቅበት መኪና ፊት ቆሞ እያለ ወጣቱ ሻጭ ቀረብ ብሎ፣ «ሐጂ፣ ዛሬ ቀብድ ካስያዙ በኤክስፖው ዋጋ እንይዝልዎታለን፤ ከነገ ጀምሮ ይጨምራል» ይለዋል።

ይህ ሰው ምን ማድረግ አለበት? ቀብዱን ይክፈል ወይስ ወጥቶ ወደ ሾውሩም ይሂድ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት፣ ከወለድ የመጠበቅ ጉዳይና መኪናው ሉማሜ ሲደርስ የሚያገለግል መሆን አለመሆኑ ሁሉ በዚህ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ገበያዎች አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

ሁለቱ ገበያዎች ምንና ምን ናቸው?

በዓለም ላይ የመኪና ትርዒት መጀመሪያ የታሰበው ለመሸጥ ሳይሆን ለማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የተጀመረው የጄኔቫ የመኪና ትርዒት አምራቾች አዲስ ሥራቸውን ለዓለም የሚገልጡበት መድረክ ነበር። በሌላ በኩል እንደ ታይላንዱ የባንኮክ ትርዒት ያሉት ደግሞ ሕዝብ ቅናሽ ፈልጎ የሚመጣባቸውና እዚያው መኪና የሚያስይዝባቸው ገበያዎች ሆነዋል።

የእኛ አገር ኤክስፖ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ ጠባዩ የበዓል ባዛር ነው። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የኤግዚቢሽን ማዕከል፣ በሚሊኒየም አዳራሽ ወይም በ2017 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል በሚዘጋጁ ዐውደ ርዕዮች አስመጪው፣ ገጣጣሚው፣ ባንኩና የመድን ድርጅቱ ጎን ለጎን ቦታ ተከራይተው ለጥቂት ቀናት ይቆማሉ። ጊዜው ሲያልቅ ሁሉም ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል።

ሾውሩም ስንል ደግሞ አንድ ዓይነት ሻጭ ብቻ ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያው የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ነው፤ ሞኤንኮ ለቶዮታ፣ ኒያላ ሞተርስ ለኒሳን፣ ማራቶን ሞተር ለሃዩንዳይ እንደሚታወቁት ማለት ነው። ወኪል የራሱ ጋራዥ፣ የመለዋወጫ መጋዘንና ከአምራቹ የተሰጠ የዋስትና ኃላፊነት አለው። ሁለተኛው አገር ውስጥ የሚገጣጥም ድርጅት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከዱባይ ወይም ከቻይና መኪና እየጫነ የሚያመጣ ግለሰብ አስመጪ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ የሚሰጠው ዋስትና ግን የአምራቹ ሳይሆን የራሱ ቃል ነው። ኤክስፖ ላይ ሦስቱም እኩል ያማረ ምንጣፍ ዘርግተው ስለሚቆሙ ገዢ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» ሳይሆን «እናንተ የአምራቹ ወኪል ናችሁ ወይስ አስመጪ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ኤክስፖ የሚጠቅምበት

ከሉማሜ ለሚመጣ ሰው የኤክስፖ ትልቁ ጥቅም ማወዳደር ነው። ከቦሌ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሲኤምሲ ታክሲ እየያዙ ሦስት ቀን ከመንከራተት በአንድ አዳራሽ ውስጥ በግማሽ ቀን አሥር መኪና ከፍቶ፣ ተቀምጦ፣ የኋላ ወንበሩን አጥፎ ማየት ይቻላል። ሻጮቹም ጎረቤታቸው ስንት እንደሚል ስለሚሰሙ ዋጋ ላይ ይለሳለሳሉ።

እዚህ ላይ ከዲናችን የንግድ ሥርዓት አንድ ትምህርት እናስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከገጠር ሸቀጥ ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጪው ሰው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ እንዳይታለል ነው። ያ ትእዛዝ ሻጭን የሚጠብቅ ቢሆንም ጥበቡ ለገዢም ይሠራል። ገበያውን ሳያውቅ የመጀመሪያው ድንኳን ላይ የሚዋዋል ሰው ራሱን መንገድ ላይ እንደተያዘ ነጋዴ ያደርጋል። ኤክስፖ ገበያውን ለማወቅ ከተጠቀሙበት ጥሩ መሣሪያ ነው።

ኤክስፖ የሚጎዳበት

አንደኛ፣ የሚያዩት መኪና የሚረከቡት አይደለም። ለማሳያ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ሁሉ ነገር የተሟላለት ዓይነት ነው። ዋጋው ላይ የተጻፈው ግን ዝቅተኛው ዓይነት ሊሆን ይችላል። የባትሪው መጠን፣ የጎማው ዓይነት፣ የኤርባጉ ብዛት በሁለቱ መካከል ይለያያል።

ሁለተኛ፣ መንዳት አይቻልም። አዳራሽ ውስጥ የቆመ መኪና ሽቅብ ሲወጣ እንዴት እንደሚጎትት፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ ኮረኮንች ላይ ሆዱ መሬት ይነካ እንደሆነ አይናገርም። ሾውሩም ግን ቢያንስ አንድ ዙር አስነድቶ ማሳየት ይችላል፤ ካልፈቀደም ያ ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ይጫናል። «እስከ እሑድ ብቻ» የሚለው ቃል ሰውን ከማማከር፣ ኢስቲኻራ ከመስገድና ከባንክ ከመጠየቅ ያቋርጠዋል። ሰኞ ዕለት ሾውሩም ሄደው ተመሳሳይ ዋጋ ቢጠይቁ ብዙ ሻጭ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፤ መኪናው ከኤክስፖው በኋላም መሸጥ አለበትና።

ቀብዱ ላይ ቆም ይበሉ

ኤክስፖ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በመኪናው ሳይሆን በቀብዱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ሲጠቃለል፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

«የተለየ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ሻጩ የሚያቀርበው ፎርም በትናንሽ ፊደል የተለየ ስምምነት ሊይዝ ይችላል። ለምሳሌ «ቀብድ» በሚለው ፋንታ «የመመዝገቢያ ክፍያ» ወይም «ቅድመ ክፍያ» ብሎ፣ ሻጩ ቢያዘገይ ምንም ቅጣት የማይከተልበት፣ ገዢው ግን ቢተው የማይመለስለት ሊሆን ይችላል። አንብበው ያልተረዱትን አይፈርሙ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ወይም ወዳጅ ይዘው ይሂዱ።

በፊቅህ በኩል ቀብድ «ዑርቡን» ይባላል። ገዢው ቢተወው ለሻጩ ይቅር የሚለውን አብዛኞቹ መዝሀቦች ሲከለክሉ ሐንበሊዮች ፈቅደውታል። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው ጉባኤ የመጠበቂያው ጊዜ እስከተወሰነ ድረስ ይፈቀዳል ብሏል። እንግዲህ ከየትኛውም አስተያየት ቢነሱ ወረቀቱ ላይ ቀን መኖሩ የግድ ነው። «መኪናው ሲገባ እንደውላለን» የሚል ቀብድ በሕጉም በዲኑም ደካማ ነው።

ያልደረሰ መኪና መክፈል

ኤክስፖ ላይ ከሚሸጠው ብዙው ገና መርከብ ላይ ያለ፣ ወይም ገና ያልታዘዘ ነው። ይህ አደጋ አዲስ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሆላንድ ካር የተባለ አገር ውስጥ የሚገጣጥም ድርጅት መኪኖቹን አባይ፣ አዋሽ እያለ በወንዞቻችን ስም ይሸጥ ነበር። ሰው በስሙም በዋጋውም ወደደው፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ ከፈለ። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ብር ከዶላር አንጻር ወደ 17 በመቶ ገደማ ሲዳከም የመገጣጠሚያ ዕቃ ማስመጫው ናረ። በ2005 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲወድቅ ከፍለው መኪናቸውን ያልተረከቡ ደንበኞች ነበሩት።

ከዚያ የሚበልጥ ለውጥ ደግሞ በቅርቡ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት መኪና ያስያዘ ሰው ዕጣው በውሉ አንድ መስመር ላይ ተንጠለጠለ፤ ዋጋው የተቆረጠ ነው ወይስ «በርክክብ ቀን በሚኖረው ምንዛሪ» የሚል?

ስለዚህ ያልደረሰ መኪና ሲገዙ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስፍሩ፦ የተቆረጠ ዋጋ፣ የርክክብ ቀን፣ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታ። በሸሪዓ በኩልም ያልደረሰ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ልጓም አለው። በሰለም ውል ዕቃው በመልኩና በቀኑ ተገልጾ ዋጋው ሙሉ በሙሉ እዚያው ይከፈላል። በኢስቲስናዕ ደግሞ ታዝዞ ለሚሠራ ነገር ዋጋው በየደረጃው ሊከፈል ይችላል። ዕቃውም ዋጋውም ወደፊት የሚቀርቡበትን ሽያጭ ግን ዑለማዎች ይከለክላሉ። ለአብዛኛው ሰው ቀላሉ መንገድ ዛሬ መግዛት ሳይሆን ዛሬ መመዝገብ ነው፤ ሽያጩ መኪናው ደርሶ፣ ታይቶ ይፈጸማል።

በሙራባሐ ለሚገዛ ሰው

ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን በ2004 ዓ.ም. በመደበኛ ባንኮች መስኮት ተፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ኤክስፖ ላይ የእነዚህ ባንኮች ሠራተኞች ከሻጩ አጠገብ መቆማቸው መልካም ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ውሉ ይበላሻል።

በሙራባሐ ባንኩ ገንዘብ አያበድርም። ደንበኛው የፈለገውን መኪና ይጠቁማል፤ ባንኩ ከሻጩ ገዝቶ በእጁ ያደርጋል፤ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ቁልፉ ነገር ባንኩ መጀመሪያ ባለቤት መሆኑ ነው። እንግዲህ ወንድማችን ኤክስፖው ላይ በራሱ ስም የሽያጭ ውል ፈርሞ ዋጋውን ከጀመረ በኋላ ባንክ ቢሄድ፣ ባንኩ የእርሱን የራሱን መኪና መልሶ ሊሸጥለት አይችልም። ያኔ የሚቀረው በስም ሙራባሐ፣ በሥራ ብድር የሆነ ወረቀት ነው።

ስለዚህ በሙራባሐ የሚገዛ ሰው ከኤክስፖው ይዞ መውጣት ያለበት የሽያጭ ውል ሳይሆን ፕሮፎርማ ነው። ፕሮፎርማው የመኪናውን ዓይነት፣ የተመረተበትን ዓመት፣ ዋጋውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋጋው ስንት ቀን እንደሚጸና ይግለጽ። ባንክ ለማጽደቅ ሳምንታት ይወስዳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ በባንኮች የብድርና ፋይናንስ ዕድገት ላይ ጣሪያ በማስቀመጡ ወረፋ የረዘመበት ጊዜም ነበር። ሦስት ቀን ብቻ የሚጸና የኤክስፖ ቅናሽ ለሙራባሐ ደንበኛ ቅናሽ አይደለም። በዚህ ነጥብ ሾውሩም ይሻላል፤ ቦታው አይነቀልም፣ ፕሮፎርማውንም ያድሳል።

ሉማሜ ላይ የሚነዳው መኪና

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ኤክስፖዎቹን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ከዚያ ቀደም በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ለተገጣጠመው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ ሲወስን፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ቀረጡን አንስቷል። ገጣጣሚዎች ዋጋ ዝቅ ማድረግ የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚመች መኪና ግን ሉማሜ ላይ ሊቸግር ይችላል። መንገዱን እናስበው። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሰውና ዕቃ ይዞ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያንን ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ከመደበኛው ፍጆታ ሌላ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ከስምንት እጅ አንዱ በአንድ ዳገት ሄደ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። ዳገቱ የሚመጣው ደግሞ ከአዲስ አበባ ከተነሱ በኋላ፣ ባትሪው ከግማሽ በታች ሊሆን በሚችልበት ሰዓት ነው።

ወረቀቱ ላይ «በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር» ቢልም የቻይናው መለኪያ ከአውሮፓው ከፍ ያለ ቁጥር እንደሚሰጥ ይወቁ። ሻጩን «ይህ ቁጥር በየትኛው መለኪያ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ቤት ሲደርሱ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ አለ። በተራ የግድግዳ ሶኬት 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚገኘው፤ ባዶ የሆነ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት መብራት ሳይቋረጥ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ሌሊቱን ይሞላል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብቃት ያለው ቆጣሪ ይጠይቃል። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ሉማሜ ያለውን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ስለ ቆጣሪዎ ያነጋግሩ።

ሌላው መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የቻይናውን መሰኪያ፣ ሌሎቹ የአውሮፓውን ይይዛሉ። በመንገድዎ ላይ ያለው ቻርጀር የትኛውን እንደሚቀበል ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪናው ስክሪን ቋንቋ ቻይንኛ ብቻ ከሆነም ማስጠንቀቂያ ሲያበራ ማን ያነብልዎታል?

ጋራዡም አለ። የባትሪ ብልሽት ቢያጋጥም ሻጩ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላይ የሚያየው ባለሙያ አለው ወይስ መኪናው በክሬን አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል? መንገድ በሚዘጋበት ጊዜስ? የጸጥታ ችግር ባለበት በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ ከዋጋ ቅናሹ ይበልጣል። መልሱ ያለው ኤክስፖው ላይ ከቆመው ወጣት ዘንድ ሳይሆን ከሾውሩሙ ጀርባ ካለው ጋራዥ ነው፤ ሄደው ዓይተው ይመለሱ።

ርክክብ ላይ

ከየትም ቢገዙ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት እነዚህን ይዩ፦

• የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ላይ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይና ውሉ ላይ አንድ መሆኑን።

• ሻጩ ቋሚ አድራሻና የንግድ ፈቃድ ያለው መሆኑን፤ ክፍያው በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ሒሳብ መግባቱን፤ ሕጋዊ ደረሰኝ መሰጠቱን።

• ዋስትናው በጽሑፍ መሆኑን፤ የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን።

• ሊብሬና ታርጋ የማውጣቱ ሥራ የማን እንደሆነ።

• በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን። የተካፉል አገልግሎት የሚሰጡ የመድን ድርጅቶች ስላሉ በሐላሉ መንገድ ማሟላት ይቻላል።

ሻጭ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም አደራ አለባችሁ። ነውሩን ደብቆ መሸጥ በረካን ያነሳል፤ ጉድለቱን ያላወቀ ገዢም በሸሪዓ የመመለስ መብት አለው። በአገሪቱም ሕግ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ጉዳት ሲደርስ የመካስ መብት ይሰጣል። ከሩቅ አገር የመጣን ሰው ግራ መጋባት ትርፍ ማድረግ የሙስሊም ነጋዴ ባሕርይ አይደለም።

እንግዲህ ሐጂ ምን ያድርጉ?

ኤክስፖውን ይግቡ፤ ግን ኪስዎን ዘግተው ይግቡ። ሁሉንም ይዩ፣ ይቀመጡበት፣ ዋጋ ይመዝግቡ፣ ፕሮፎርማ ይሰብስቡ፣ የባንኮቹን ሰዎች ያነጋግሩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ይደሩ። በማግስቱ ከመረጧቸው ሁለት ወይም ሦስት ሻጮች ቤት ይሂዱ፤ ጋራዡን ይዩ፣ መኪናውን ይንዱ፣ የኤክስፖውን ዋጋ እንዲያጸኑልዎት ይጠይቁ። መኪናው እዚያው ቆሞ የሚታይ፣ ሻጩም ቋሚ ወኪል ከሆነና በእጅ በእጅ የሚከፍሉ ከሆነ የኤክስፖ ቅናሽ እውነተኛ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ይውሰዱት። መኪናው ያልደረሰ፣ ሻጩ የማይታወቅ ወይም ክፍያው በሙራባሐ ከሆነ ግን ሾውሩሙን ይምረጡ።

ቅናሽ ያመለጠው ሰው ሌላ ኤክስፖ ይጠብቃል። ቀብዱ ያመለጠው ግን ለዓመታት የቆጠበውን ነው የሚያጣው። አላህ ሪዝቃችንን በሐላል ያድርግልን፤ በገዛነውም በረካ ያድርግልን፤ መንገዳችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።